ይህ ብሎን ምን ይዟል?

ከእጅ ሰዓቶች መካከል የሮያል ኦክን ያህል መልኩ የተገለበጠ ጥቂት ነው። ስሙን ባታውቁት እንኳ አይታችሁታል፦ ስምንት ማዕዘን የብረት ክፈፍ፣ ዙሪያውን ስምንት ብሎን፣ ከቀፎው ጋር አንድ አካል ሆኖ የሚወርድ የብረት ሰንሰለት። መርካቶ በመስታወት ሣጥን ተደርድሮ ይሸጣል። ዘፋኞች ክሊፕ ላይ ያደርጉታል። የካሲዮ ፕላስቲክ ሰዓት ላይ ሳይቀር ደርሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውን ጂኤ-2100 ወዳጆቹ «ካሲኦክ» ያሉት በዚሁ ስምንት ማዕዘን ምክንያት ነው። ዋናው፣ ማለትም የስዊዘርላንዱ ኦዴማር ፒጌ የሚሠራው፣ ዛሬ ዋጋው በአሥር ሺዎች ዶላር ነው የሚቆጠረው።

ዋናውን መግዛት የማይችል፣ ፎርጅዱን ማድረግ ደግሞ የሚያሳፍረው ሰው ሦስተኛ መንገድ አለው፦ ቤቱ ራሱ ይሠራዋል። ቀፎውን፣ ማሽኑን፣ ፊቱን፣ ጠቋሚዎቹን ለየብቻ ይገዛል፤ ማታ ማታ ጠረጴዛ ላይ ይገጣጥማል። እኔም ከነዚህ ሰዎች አንዱ ነኝ። ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው፣ የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው፤ ላለፉት ሁለት ዓመታት ግን ትርፍ ጊዜዬ ያለቀው ከወረንጦና ከማጉያ መነጽር ጋር ነው። እስካሁን ሁለት ሰዓት ሠርቻለሁ።

ይህ ጽሑፍ ግን «እንዴት ይሠራል» የሚል መመሪያ አይደለም፤ ሂስ ነው። የማየው ዕቃ ሦስት ነው፦ ዋናው ንድፍ፣ እሱን የሚመስለው የመጀመሪያ ሰዓቴ፣ እና የማይመስለው ሁለተኛው። ጥያቄው አንድ ነው። አንድን ድንቅ ንድፍ ወደን ቤታችን ስንሠራው ከእሱ የምንወስደው ምኑን ነው?

የጠላቂው ቆብ

ሮያል ኦክን የነደፈው ጄራልድ ጄንታ የጄኔቭ ልጅ ነው። እሱ ራሱ ሲተርከው፣ የኦዴማር ፒጌ ኃላፊ የነበረው ዦርዥ ጎሌ ከሰዓት በኋላ ደውሎ ለነገ ጠዋት ንድፍ አምጣልኝ አለው፤ በአንድ ሌሊትም ሥሎ አደረ። መነሻ የሆነው በልጅነቱ ያየው የባሕር ጠላቂ የብረት ቆብ ነው። እንዲህ ያለው ቆብ በብሎንና በማሸጊያ ላስቲክ ይገጥማል፤ ብሎኑ ካልጠበቀ ውሃ ይገባል፣ ውሃ ከገባ ሰው ይሞታል። ማንም ለውበት ብሎ የጨመረው ነገር የለበትም።

ሰዓቱ እ.ኤ.አ. በ1972 በባዝል ትርኢት ቀረበ። ጊዜው ለስዊሶች ጥሩ አልነበረም። ከዚያ ሁለት ዓመት ከምናምን በፊት፣ ዲሴምበር 25 ቀን 1969፣ የጃፓኑ ሴይኮ አስትሮን የተባለውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ገበያ ላይ አውጥቷል፤ በባትሪ የሚሠራ፣ ከየትኛውም ባለ ሞላ ሰዓት ይልቅ ትክክለኛ። እንግዲህ በዚህ መሐል ነው ኦዴማር ፒጌ ከወርቅ ሳይሆን ከማይዝግ ብረት የተሠራ ሰዓት በ3,300 የስዊስ ፍራንክ ልሽጥ ያለው። ስፋቱ 39 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ለዘመኑ ትልቅ ነው። ብረት በወርቅ ዋጋ መሸጥ ድፍረት ይጠይቃል። ድፍረቱን ንድፉ መሸከም ነበረበት።

እስቲ ብሎኖቹን ቀረብ ብለን እንያቸው። የእያንዳንዳቸው ራስ ስድስት ጎን ነው፤ የተቀመጡትም ስድስት ጎን ባለው ጉድጓድ ውስጥ ነው። እንዲህ የተቀመጠ ነገር አይዞርም። ራሳቸው ላይ ያለውን መስመር ያየ ሰው ካቻቢቴ ሊያስገባበት ይቃጣዋል፣ ግን ከፊት የሚፈታ ነገር የለም። ብሎኑ ክፈፉን፣ ላስቲኩንና ቀፎውን በስቶ ያልፋል፤ የሚጠብቀው ከጀርባ ነው። መስመሮቹ ሁሉ የክቡን ዙሪያ ተከትለው አንድም ሳይዛነፉ የተደረደሩትም ለዚህ ነው፤ መዞር የማይችል ነገር አይዛነፍም። በ1972ቱ ሞዴል ደግሞ የቀፎው ጀርባ ጭራሽ አይከፈትም፣ ማሽኑ የሚገባው ከፊት ነው። ስለዚህ ስምንቱን ብሎኖች ብታወጧቸው ሰዓቱ ሰዓት መሆኑ ይቀራል። ክፈፉ ይለቃል፣ ላስቲኩ ይላቀቃል፣ ውሃ ይገባል።

ሌላው ቅጥነቱ ነው። ውስጡ ያለው ካሊበር 2121 የተባለ ማሽን ከነቀን መቁጠሪያው 3.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ይወፍራል። ሰፊ ክፈፍ፣ ግልጽ ብሎን፣ ወፍራም ሰንሰለት አንድ ላይ ሲሆኑ ከባድና ጎልዳፋ መሆን ነበረባቸው። ያልሆኑት ማሽኑ ቀጭን ስለሆነ ነው። ክፈፉና ማሽኑ ተነጋግረዋል ማለት ነው፤ አንዱን ያለሌላው መውሰድ አይቻልም።

ዋናውንም ቢሆን ግን አናምልከው። እነዚያ የ«ሥራ» ብሎኖች ከነጭ ወርቅ የተሠሩ ናቸው። የጠላቂን ቆብ በነጭ ወርቅ ብሎን የሚገጥም ጠላቂ የለም። ንድፉ ከሠራተኛው መልኩን ተበድሮ ለባለ ገንዘብ ሸጦታል፤ ይሄ መባል አለበት። ቢሆንም ብሎኑ ይይዛል። ቢያንስ እሱ እውነት ነው።

ማታ፣ ጠረጴዛ ላይ

የመጀመሪያው ሰዓቴ እንደሚከተለው ነው። ቀፎው ስምንት ማዕዘን፣ ፊቱ ሰማያዊ፣ እንደ ዋናው በትንንሽ አራት ማዕዘኖች የተሸፈነ። ዕቃዎቹ ከቻይና ዱባይ ገብተው፣ ከዱባይ ደግሞ ሰው ሲመጣ በሻንጣ መጡልኝ። ማሽኑ ኤን ኤች 35 የሚባለው የሴይኮ ምርት ነው፤ ቤታቸው ሰዓት የሚገጣጥሙ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት። ለብቻው ከ50 ዶላር በታች ይገኛል። ባትሪ የለውም፤ እጃችሁ ሲንቀሳቀስ ራሱን ይሞላል፣ ሞልቶ ቢቀመጥ 41 ሰዓት ያህል ይሄዳል። በአንድ ሰዓት 21,600 ጊዜ ይመታል፣ በሰከንድ 6 ጊዜ ማለት ነው። ፋብሪካው በቀን እስከ 20 ሰከንድ ወደ ኋላ ወይም እስከ 40 ሰከንድ ወደ ፊት ቢዛነፍ ችግር የለውም ይላል። የኪስ ስልካችሁ ይስቅበታል። ግን ጠንካራ ነው፤ የጀማሪን እጅ ይችላል።

ሥራው ያስደስታል፤ ይህን መካድ ውሸት ይሆናል። ፊቱን ማሽኑ ላይ ትጭናላችሁ። መሙያውን እያዞራችሁ የቀን ቁጥሩ ቀጭ ብሎ እስኪቀየር ትጠብቃላችሁ፤ ያች ቅጽበት እኩለ ሌሊት ናት። ከዚያ ሁሉንም ጠቋሚዎች 12 ላይ ትጭናላችሁ፤ መጀመሪያ የሰዓቱን፣ ቀጥሎ የደቂቃውን፣ መጨረሻ ላይ የሰከንዱን። የሰዓቱ ጠቋሚ ቀዳዳ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ የደቂቃው 0.9፣ የሰከንዱ 0.2 ገደማ ነው። 0.2 ሚሊ ሜትር ስትፈልጉ ትንፋሻችሁን ትይዛላችሁ፤ ወዳችሁ አይደለም። ማሽኑ መምታት ሲጀምር ደግሞ፣ እኔ እንጃ፣ ኮድ ተጽፎ ሲሠራ ከሚሰማው ይለያል። እጅ ላይ ይመታል።

ዕቃውን በሂስ ዓይን ስናየው ግን ሌላ ነው። ኤን ኤች 35 ውፍረቱ 5.32 ሚሊ ሜትር ነው። ከካሊበር 2121 በ2.27 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፣ እጅ ላይ ግን ሁሉን ይለውጣል። ማሽኑ ስለወፈረ ቀፎው ያብጣል፤ ቀፎው ሲያብጥ ክፈፉ ከላይ እንደ ቆርኪ ይቀመጣል። የጄንታ መስመር ከእጅ አንጓ ጋር ተኝቶ ይወርዳል፤ የእኔው ቆሞ ይታያል። ፊት ለፊት ፎቶ ስታነሱት ያው ነው። ከጎን ስታዩት ሌላ ሰዓት ነው።

ብሎኖቹስ? ስምንት ናቸው፣ አዎ። ክብ ጉድጓድ ውስጥ በሙጫ ተለጥፈዋል፤ መስመሮቻቸው ወደየአቅጣጫው ዞረዋል። ቀፎው የሚከፈተው ጀርባውን እንደ ማሰሮ ክዳን በማዞር ነው።

ፒያሳ በ2016 ከመፍረሱ በፊት እዚያ ሰዓት ይጠግኑ የነበሩ አንድ ጋሼ አሉ፤ አሁን ሌላ ሰፈር ናቸው። ሰዓቱን ሳሳያቸው ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ትንሽ ዝም አሉ።

«አንተ ነህ የገጠምከው?»

«አዎ ጋሼ።»

«እጅህ ጥሩ ነው። ጠቋሚው ላይ ጭረት የለም።» ከዚያ በካቻቢቴያቸው ጫፍ አንዱን ብሎን ነካ አደረጉት። «ይኼ ምን ይዟል?»

«ምንም። ለመልክ ነው።»

«ታዲያ ለምን ብሎን ሆነ?»

ከዚህ የተሻለ የንድፍ ሂስ አላነበብኩም።

ሰሙን ብቻ

መኮረጅ ነውር ነው እያልኩ አይደለም። ሁሉም ሙያ የሚጀምረው ከመኮረጅ ነው። እኔ ኮድ የተማርኩት የሌላ ሰው ኮድ እየገለበጥኩ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ የመምህሩን ሥዕል እየደጋገመ ነው እጁን የሚያፍታታው። ጥያቄው ምን እንደሚገለበጥ ነው።

ለዚህ የቅኔ ቤት ጥሩ ሕግ አለው። ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፣ ይመረምራል፣ ሰሙንና ወርቁን ይለያል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት መሆኑን፣ ቤቱ እንዴት እንደሚመታ ይማራል። ይህን ሁሉ ይወስዳል። የመምህሩን ቅኔ ራሱን ይዞ ሄዶ «የኔ ነው» ቢል ግን መሳቂያ ይሆናል። ቅርጹ የጋራ ነው፤ የሚቀኘው ግን በየጊዜው አዲስ መሆን አለበት።

በዚህ ሚዛን የመጀመሪያው ሰዓቴ ሰሙን ወስዶ ወርቁን ትቷል። ስምንት ማዕዘኑን አመጣ፣ ብሎኑን አመጣ፣ ሰማያዊውን አመጣ። «የሚይዘውን ነገር አትደብቀው» የሚለውን ሕግ ግን አላመጣም። በእኛ ሙያ ቋንቋ ስክሪኑ ተገልብጧል፣ ከኋላ ያለው ሥራ የለም።

ሙያችን ውስጥ ይህን በየቀኑ እናየዋለን። የውጭ መተግበሪያ ይወደዳል፤ ቀለሙ፣ አዝራሩ፣ የአዝራሩ ጥላ ሳይቀር ይገለበጣል፤ ጽሑፉ ወደ አማርኛ ይመለሳል። ከዚያ «ቀጠሮዎ 3:00 ነው» የሚል መልእክት ይመጣል። የትኛው 3 ሰዓት? የጠዋቱ የእኛ 3 ነው ወይስ ፈረንጅ 3 የሚለው፣ እኛ ከቀኑ 9 የምንለው? አንዲት እናት በጠዋት ተነስታ ስድስት ሰዓት ወረፋ ላይ ትቀመጣለች። ንድፉ ያማረ ነበር፤ ብሎኑ ግን ምንም አልያዘም።

የግዕዝ ቁጥር መፍትሔ ነው?

ይህን ሲሰማ ብዙ ሰው መልሱ ቀላል ይመስለዋል፤ የራሳችንን እናድርግበት። ፊቱ ላይ ፩፣ ፪፣ ፫ ይጻፍ። አንበሳ ይቀረጽ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ይግባበት።

የግዕዝ ቁጥር እወዳለሁ፤ ፲፪ በላዩና በታቹ መስመር ተሰምሮበት ሰዓት አናት ላይ ሲቀመጥ ያምራል። ግን ከሂስ አንጻር ይህም ሌላ ሙጫ ነው። የጄኔቭን ቆዳ ገፍፈን የአክሱምን ቆዳ ለጠፍን፤ ውስጡ ያው ነው። ቁጥሩ በግዕዝ ተጽፎ ሰዓቱ ግን በፈረንጅ ከተሞላ፣ ጠዋት ቢሮ ስገባ ጠቋሚው ፱ን እያሳየኝ እኔ በልቤ ሦስት እላለሁ። ቁጥሩ የእኛ፣ ሰዓቱ የሌላ ሆነ ማለት ነው።

ጄንታን በትክክል መኮረጅ ማለት የጠየቀውን መጠየቅ ነው። እሱ የጠየቀው «ይህን ነገር የሚይዘው ምንድን ነው? እሱን ለምን እደብቃለሁ?» ብሎ ነው። እዚህ አገር፣ እጄ ላይ፣ የእጅ ሰዓት ምን መያዝ አለበት?

180 ዲግሪ

አንደኛ፣ ሁለት ሰዓት መያዝ አለበት። ይህ ለእኛ ቅንጦት አይደለም። የምሠራው ውጭ አገር ካሉ ሰዎች ጋር ነው፤ ስብሰባው በፈረንጅ ሰዓት ይጻፋል። እናቴ ስትደውል «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ና» ትላለች። ቀኑን ሙሉ ስድስት ስንቀንስና ስንደምር ነው የምንውለው። ግማሹ ሰው ሰዓቱን በሐበሻ ሞልቶ ለፈረንጁ ይደምራል፤ ግማሹ በፈረንጅ ሞልቶ ማዶ ለማዶ ያነባል።

ማዶ ለማዶ! መልሱ እዚያው ነበር። የሰዓቱ ጠቋሚ አንድ ዙር በ12 ሰዓት ይጨርሳል፤ 6 ሰዓት ግማሽ ዙር ነው፣ 180 ዲግሪ። ስለዚህ የሐበሻ ሰዓትና የፈረንጅ ሰዓት ሁልጊዜ ትይዩ ናቸው፤ አንዱ 3 ላይ ሲሆን ሌላው 9 ላይ ነው፣ አንዱ 12 ላይ ሲሆን ሌላው 6 ላይ። ልዩነቱ ሙሉ ሰዓት ስለሆነ ደቂቃው አንድ ነው። የሚያስፈልገው ሁለት ጫፍ ያለው አንድ ጠቋሚ ብቻ ነው።

ይህ ቀላል አይምሰላችሁ። ሮሌክስ በ1950ዎቹ ጂኤምቲ-ማስተርን ለአብራሪዎች ሲሠራ ሁለተኛውን ሰዓት ለማሳየት በ24 ሰዓት አንዴ የሚዞር አራተኛ ጠቋሚ፣ ለእሱም ተጨማሪ ጥርስ አስፈልጎታል። ለእኛ ተጨማሪ ጥርስ አያስፈልግም። የምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ብዙ ሳትዛነፍ ትወጣለች፤ አዲስ አበባ ላይ በቀደመችበትና በዘገየችበት ቀን መሐል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳን አይሞላም። ቀናችንን ከንጋት መቁጠር የቻልነው ለዚህ ነው፤ የስድስት ሰዓቱ ልዩነትም ከዚያ መጣ። ጂኦግራፊው ጥርሱን ሠርቶ ሰጥቶናል።

የሁለተኛው ሰዓቴ ጠቋሚ ከቀጭን ናስ ተቆርጦ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት የተስተካከለ ነው። አንዱ ጫፍ ሙሉ ነው፣ እሱ ሐበሻ ነው። ሌላው ጫፍ መሐሉ ክፍት ነው፣ እሱ ፈረንጅ ነው። ፊቱም ናስ ነው፤ ዋንጫና ማኅተም የሚቀርጽ ቤት በሌዘር ሠራው። ቁጥር የለበትም፤ አሥራ አንድ አጫጭር መስመሮችና 12 ላይ አንድ ረጅም። ረጅሙ መስመር ሙሉው ጫፍ ሲደርስበት ወይ ነግቷል ወይ መሽቷል።

ከዚህ ሌላ ነገር ተከተለ። የቀን ቁጥሩ የሚቀየርባትን ቅጽበት አስታውሱ፤ ያች ቅጽበት እኩለ ሌሊት ናት ያልኩት ጠቋሚውን 12 ላይ ስለምንጭነውና ሰዓቱን በፈረንጅ ስለምንሞላው ነው። ማሽኑ እኩለ ሌሊትን አያውቅም፤ የሚያውቀው በ24 ሰዓት አንዴ ቀጭ ማለት ነው። ሙሉውን ጫፍ 12 ላይ ከጫናችሁት ቀኑ የሚቀየረው ሲነጋ ይሆናል። መሙያውን 12 ሰዓት ጨምራችሁ ብታዞሩት ደግሞ ሲመሽ ይሆናል፤ ቤተ ክርስቲያን ዕለትን ከዋዜማው ማታ እንደምትጀምረው። ሙሉውን ጫፍ 6 ላይ ብትጭኑት እንደ ፈረንጅ በእኩለ ሌሊት። ጠቋሚ እየጫናችሁ ቀን መቼ እንደሚጀምር ትወስናላችሁ። እኔ ንጋትን መርጫለሁ። ኮድ የምትጽፉ ካላችሁ በኮምፒውተር ሞክሩት፦ የሰዓት ክልሉን ቦነስ አይረስ ብታደርጉት ሰዓቱም ቀኑም ልክ እንደዚህ ይሄዳል፤ ከአዲስ አበባ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ነውና።

ሠላሳ ጥርስ

ሁለተኛ፣ ወር መያዝ አለበት። የእጅ ሰዓት የቀን ቀለበት 31 ጥርስ አለው። በፈረንጅ አቆጣጠር ወሩ 31 ባልሞላ ቁጥር በእጅ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ በዓመት 5 ጊዜ። በእኛ አቆጣጠር ይሄው ቀለበት ከወር ወደ ወር በተሻገርን ቁጥር ይሳሳታል፤ በዓመት 13 ጊዜ። የግዕዝ ቁጥር ብትጽፉበትም 13 ጊዜ ነው።

አሁን ቀለበቱን 30 ጥርስ አድርጉት። ከመስከረም እስከ ነሐሴ መጨረሻ ማንም አይነካውም። ጳጉሜን 1 ይላል፣ 2 ይላል፣ 5 ይደርሳል። የሚሳሳተው በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነው። ፓቴክ ፊሊፕ እ.ኤ.አ. በ1996 በዓመት አንዴ ብቻ የሚስተካከል የቀን መቁጠሪያ ያለው ሰዓት ሲያወጣ እንደ ትልቅ ፈጠራ ነው የታየው፤ ትልቅም ነበር፣ 30 እና 31 የሚሆኑ ወራትን የሚለይ ሙሉ የጥርስ ቤተሰብ አለው። የእኛ ወራት እኩል ስለሆኑ ያን ሁሉ በአንድ ጥርስ ቅነሳ እናገኘዋለን።

ይህ ቀለበት ገና ሰዓቱ ውስጥ አልገባም። በ10 እጥፍ አድርጌ በ3ዲ ፕሪንተር ያተምኩት ሞዴል ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ በጣት ሲገፋ ይቆጥራል። በ31 ሲካፈል አንዱ ጥርስ 11.61 ዲግሪ ነው፣ በ30 ደግሞ 12። ሥራው ያለው በዚያ 0.39 ዲግሪ ውስጥ ነው።

ዓይን የሚይዝ ብሎን

አሁን ወደ ክርክሩ። «የውሸት ብሎኑ ምንም አልያዘም ማለት ልክ አይደለም» ያለኝ ጓደኛ አለ። «ዓይን ይይዛል።» እውነቱን ነው። የመጀመሪያውን ሳደርግ ካፌ ውስጥ ሰው ያያል፤ አንዱ «ኦርጅናል ነው እንዴ?» ይላል። ሁለተኛውን እስካሁን የጠየቀኝ አንድም የማላውቀው ሰው የለም። በሃያዎቹ መጨረሻ ያለ፣ ተቀጥሮ የሚኖር ሰው እጁ ላይ ያለው ነገር ስለ እሱ ምን እንደሚናገር አያሳስበውም ብል ማንም አያምነኝም። የቅንጦት ዕቃ ዋናው ሥራ መታየት ነው፤ ስምንቱ የተለጠፉ ብሎኖች ይህን ሥራ በሚገባ ይሠራሉ።

ግን የሚታየው ማነው? ያ ሰው «ኦርጅናል ነው?» ሲል የጠየቀው ስለ እኔ እጅ አይደለም፤ ስለ ስዊዘርላንድ ነው። ያን ሁሉ ማታ ትንፋሼን ይዤ የገጠምኩት ነገር ሲሳካ የሚመሰገነው ሌላ ነው፤ ሲነቃበት የማፍረው እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ውል በጽሑፍ ቢሰጣችሁ ትፈርሙበታላችሁ?

ሁለተኛው ሰዓት ጉድለት ሞልቶታል፤ ሂስ ከተባለ ይሄም ይባል። ቶርኖ ቤት የተቆረጠው ክብ ቀፎ 13 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ ከሸሚዝ እጅጌ ጋር ይጣላል። ናሱ ፊት ጠርዙ ላይ መጥቆር ጀምሯል። ሁለቱ የጠቋሚ ጫፎች ጨለማ ውስጥ አይለዩም። ውሃ አላስነካውም። የጄንታ መስመር አጠገብ ብታስቀምጡት የገጠር ዘመድ ይመስላል። ጀርባውን የያዙት አራት ብሎኖች ግን አራቱም ይሠራሉ፤ አንዱን ብትፈቱት ክዳኑ ይላላል። ጋሼ አይተውታል። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ነክተው ምንም አልጠየቁም፤ ስለ ጠቋሚው ግን ብዙ ጠየቁ።

ስምንት ማዕዘን ከወደዳችሁ ሥሩት፤ እጃችሁ የሚፍታታው በዚያ ነው፣ የእኔም የተፍታታው በዚያ ነው። እዚያ መቆም ነው የሚያሳዝነው። የሚያምር ነገር ስታዩ፣ ሰዓትም ይሁን ሕንፃ ወይም መተግበሪያ፣ ከመገልበጣችሁ በፊት እያንዳንዱን ብሎን ምን እንደያዘ ጠይቁት። መልስ ያለውን ውሰዱ። መልስ የሌለውን እዚያው ተዉት።

የ30 ጥርሱ ቀለበት ተቆርጦ ሲገባ ሰዓቱ ዓመቱን ሙሉ የሰው እጅ ሳይጠይቅ ይቆጥራል። ከጳጉሜን 5 ማግስት ሲነጋ ግን ቀጭ ብሎ 6 ይላል። ጳጉሜን 6 የሚሆንበት ዓመት ካልሆነ ተሳስቷል ማለት ነው። ያኔ መሙያውን ሳብ አድርጎ 25 ጊዜ ማዞር ነው፣ 1 እስኪመጣ። በዓመት አንድ ቀን፣ በእንቁጣጣሽ ጠዋት።